ሜሪላንድ የመጀመሪያ ቤት ለሚገዛ ሰው ከታክስ በትክክል የሚቀንስለት ስንት ነው?

ዘሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ ውስጥ የ450,000 ዶላር ታውንሃውስ ልንገዛ ነው። ብድሩ 400,000፣ ወለዱ 6.5%፣ ዘመኑ 30 ዓመት። «የምትከፍሉት ወለድ በሙሉ በታክስ ይመለስላችኋል» ተብለናል። እውነት ነው? እንዳያመልጠን የሚገባስ ሌላ ነገር አለ?

ሒሳብ በደብተር፦
አይመለስም። ወለዱ የሚቀነሰው ታክስ ከሚታሰብበት ገቢ ላይ እንጂ ከታክሱ ላይ አይደለም፤ እሱም ስታንዳርድ ዲዳክሽኑን (ወጪ ሳይዘረዘር ለሁሉም ከገቢ የሚቀነሰውን የተወሰነ መጠን) ትታችሁ ስኬጁል ኤ በሚባለው ቅጽ ላይ ወጪያችሁን ከዘረዘራችሁ ነው። በዚህ ብድር የመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ወለድ ወደ 25,900 ይሆናል። ፕሮፐርቲ ታክስ (የቤት ግብር) 5,000፣ የስቴትና የካውንቲ ገቢ ግብር 8,000 ብንል ድምሩ 38,900 ነው። የ2025 ስታንዳርድ ዲዳክሽን ግን ለባልና ሚስት 31,500 ነው፤ ያንን ተከራይታችሁም ታገኙታላችሁ። ልዩነቱ 7,400፤ 22% የታክስ እርከን ላይ ከሆናችሁ 1,628 ዶላር ማለት ነው። ኦገስት መጨረሻ ላይ ክሎዝ ካደረጋችሁ (ፈርማችሁ ግዢውን ካጠናቀቃችሁ) ደግሞ የዚያ ዓመት ወለድ የሦስት ወር ያህል ብቻ ስለሚሆን መዘርዘሩ አያዋጣም።

ታይትል ቢሮ፦
ሰው ሁሉ አይአርኤስን (የፌዴራሉን ታክስ ሰብሳቢ) ያያል፣ ስቴቱን ይረሳል። ቤት ባለቤት ሲቀይር የሚከፈለው የሜሪላንድ የዝውውር ታክስ 0.5% ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ገዢና ሻጭ ይካፈሉታል። እዚያ ስቴት የመኖሪያ ቤት ኖሮት ለማያውቅ ገዢ ወደ 0.25% ይወርድና ሻጩ ይከፍለዋል። ስለዚህ 1,125 ዶላር ይተርፋችኋል። በመሐላ የምትፈርሙት ማረጋገጫ ከክሎዚንጉ ወረቀት ጋር መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የካውንቲው ታክስ ለብቻው ነው።

ከገባችሁ በኋላ ለሆምስቴድ ክሬዲት አመልክቱ። አንድ ጊዜ ነው፣ ግን በራሱ አይመጣም። ቤት በ3 ዓመት አንዴ ይገመታል፤ ክሬዲቱ ታክስ የሚታሰብበት ዋጋ በዓመት ከ10% በላይ እንዳይጨምር ያግደዋል፣ ከዚያ ዝቅ ያደረጉ ካውንቲዎችም አሉ።

ደመወዝተኛ፦
ለዳውን ፔይመንት (ለቅድሚያ ክፍያ) ከአይአርኤ (ከግል የጡረታ ቁጠባ ሂሳብ) እያንዳንዳችሁ እስከ 10,000 ዶላር ያለ 10% ቅጣት ማውጣት ትችላላችሁ፤ ገንዘቡ በ120 ቀን ውስጥ ቤቱ ላይ መዋል አለበት። ባህላዊው (ትራዲሽናል) አይአርኤ ከሆነ የገቢ ታክሱ አይቀርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፎር ኦ ዋን ኬይም (በአሠሪ በኩል የሚያዘው የጡረታ ቁጠባ) እንዲሁ መስሎት ነው። አይደለም፤ ከእሱ መበደር ይቻላል፣ ማውጣት ግን ቅጣት አለው።

ዘሲልቨር ስፕሪንግ፦
እናመሰግናለን። ሊስቲንጉ (የቤቱ ሽያጭ ማስታወቂያ) ላይ ፕሮፐርቲ ታክሱ 3,900 ይላል፤ 5,000 ከየት መጣ?

ታይትል ቢሮ፦
5,000ው ለምሳሌ የተያዘ ነው፤ የ3,900ውን ግን አትመኑት። ሻጩ ቤቱን ለረጅም ጊዜ ይዞት ከነበረ ያ ቁጥር የእሱ ሆምስቴድ ክሬዲት የተቀነሰለት ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ሲሸጥ ክሬዲቱ ይሰረዛል። ስቴቱ ድረ ገጽ ላይ በአድራሻ ፈልጋችሁ የተገመተውን ዋጋ አውጡ። ለስቴቱ በየ100 ዶላሩ 0.112 ዶላር አስቡ፣ የካውንቲውን መጣኔ ጨምሩበት። ለአበዳሪው ስለ ኤስክሮው (የቤት ግብሩን ከወርሃዊ ክፍያው ጋር የሚሰበስብበት ሂሳብ) ስትነግሩት ያንን ቁጥር ስጡት፤ አለዚያ በሁለተኛው ዓመት ወርሃዊ ክፍያችሁ በድንገት ይጨምራል።