የግላስጎው ቦውልስ፦ ሣር ላይ ወይስ ምንጣፍ ላይ?

የዛሬው መከራከሪያችን፦ በ2026 እ.ኤ.አ. የግላስጎው የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች የሆኑ አገሮች የሚወዳደሩበት) ቦውልስ፣ ማለትም ኳስ እያንከባለሉ ወደ አንዲት ትንሽ ኳስ የማስጠጋት ጨዋታ፣ ከሣር ሜዳ ወጥቶ አዳራሽ ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ እንዲካሄድ ተወስኗል። በጨዋታዎቹ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ከግላስጎው፦ እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። ቦውልስ ከ1930ው የሃሚልተን ውድድር ጀምሮ፣ ከ1966ቱ ኪንግስተን በቀር ቀርቶ አያውቅም፤ ሁሌም ከአዳራሽ ውጭ፣ ሜዳ ላይ ነበር። ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ኳሷ ድቡልቡል አይደለችም። አንድ ጎኗ ከሌላው ተለይቶ ስለተሠራ ፍጥነቷ እየቀነሰ ሲመጣ ትታጠፋለች። ስለዚህ ተጫዋቹ ጃክ ወደምትባለው ትንሽ ኳስ በቀጥታ አይልክም፤ ወደ ጎን አርቆ ይለቃትና ዞራ እንድትጠጋለት ያደርጋል። ሣር ላይ ጠዋት ጤዛው ኳሷን ይይዛታል። ከሰዓት ሣሩ ሲደርቅ በዚያው ጉልበት የተለቀቀችው ኳስ ጃኳን አልፋ ትሄዳለች። ነፋሱም አለ። ችሎታው እኮ ይህን በየዙሩ እያዩ እጅን ማስተካከሉ ላይ ነው! አዳራሽ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም።

ከሊድስ፦ እህቴ፣ ስለ ሣሩ ያልሽው ልክ ነው፤ ግን የአሌክስ ማርሻልን ታሪክ ተመልከቺ። ስኮትላንዳዊው ማርሻል በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በነጠላ 6 ጊዜ አሸንፏል፦ በ1995፣ 1999፣ 2003፣ 2004፣ 2007 እና 2012። በኮመንዌልዝ ደግሞ 5 ወርቅ አለው፤ ማንችስተር፣ ሜልቦርን፣ እናንተው ጋ ግላስጎው ላይ ሁለት፣ ከዚያ በ2018 ጎልድ ኮስት። አምስቱም ሣር ላይ ናቸው። ምንጣፍ ላይ ያሸነፈ እጅ ሣር ላይ አላነሰም። እንዲያውም ምንጣፉ ጠቅሞታል ባይ ነኝ። የብሪታንያ ሣር ከባድ ነው፣ ኳሷን ይጎትታታል። የአውስትራሊያው ፈጣን ስለሆነ ኳሷ በትንሽ ጉልበት ትለቀቃለች፣ ለመቆም ጊዜ ትወስዳለች፣ ብዙም ትታጠፋለች። ይህ ጠባይ ከብሪታንያ ሣር ይልቅ ለምንጣፍ ይቀርባል። በ2006 ሜልቦርን ላይ ከማርሻል ጋር በጥንድ ወርቅ የወሰደው ፖል ፎስተርም 5 ጊዜ የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ነው። አዳራሽ ማለት ቀላል ጨዋታ ማለት አይደለም።

ከሜልቦርን፦ ገንዘቡን ለምን ትረሳላችሁ? የ2026ቱን ውድድር የምታዘጋጀው የኛው የአውስትራሊያ ግዛት ቪክቶሪያ ነበረች። በ2023 የግዛቷ መንግሥት ወጪው በዛብኝ ብሎ ተወው። ግላስጎው ባትደርስለት ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበትም ባልኖረ። የተያዙት 4 ሥፍራዎችና 10 ስፖርቶች ብቻ ናቸው፤ ሆኪ ወጥቷል፣ ባድሜንተን ወጥቷል። ቦውልስ ጭራሹን ከሚቀር አዳራሽ ቢገባ ምን ይጎዳል?

ከግላስጎው፦ ወንድሜ የሜልቦርኑ፣ የገንዘቡ ችግር ይገባኛል። ግን የግላስጎው የቦውልስ ሜዳ፣ ኬልቪንግሮቭ፣ እኮ አለ! በ2014 ማርሻል ሁለቱን ወርቅ የወሰደው እዚያ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውና ሙዚየሙ አጠገብ፣ ሕዝብ በሚያልፍበት ሜዳ። አዲስ የሚገነባ ነገር አልነበረም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የፍትሕ ነገር ነው። የቤት ውስጥ ሻምፒዮናው አሸናፊዎች ከጥቂቶች በቀር ብሪታንያውያን ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚጫወቱባቸው የአዳራሽ ክለቦች ስላሏቸው። ኖርፎክ ደሴትን አስቡ፤ 2,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ደሴት በ2018 በሦስትዮሽ የወንዶች ውድድር ነሐስ አግኝታለች። በ2022 ደግሞ የህንድ አራት ሴቶች እንግሊዝ ውስጥ በሌሚንግተን ስፓ ሣር ላይ ደቡብ አፍሪካን አሸንፈው ለአገራቸው የመጀመሪያውን የቦውልስ ሜዳልያ፣ ያውም ወርቅ፣ አመጡ። አንዷ የፖሊስ ኮንስታብል ነች። እንዲህ ያሉት ተጫዋቾች አዳራሽ ውስጥ ከማርሻል አገር ልጆች ጋር እኩል ይጀምራሉ?

ከሊድስ፦ ሣሩስ መቼ እኩል ነው? የስኮትላንድን ሣር ከስኮትላንዳዊ የበለጠ ማን ያውቀዋል? ምንጣፍ ቢያንስ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ዝናብ ያገኘውና ፀሐይ ያገኘው የሚባል ነገር የለም። ደግሞ ተጠቅልሎ ይጓዛል፤ ሜዳ መንከባከብ ለማይችል አገር እሱ ይቀለዋል።

ከአዲስ አበባ፦ እናንተዬ፣ ፓራ ቦውልስን፣ አካል ጉዳተኞች የሚወዳደሩበትን፣ አንድም ሰው አላነሳም። የማየት ችግር ያለባቸው ተጫዋቾች አጋዥ አላቸው፤ ጃኳ የት እንዳለች፣ የተለቀቀችው ኳስ ምን ያህል እንደቀረች ይነግራቸዋል፤ እነሱም ያንን ሰምተው ቀጣዩን ይለቃሉ። ነፋስ በሌለበት ያ ድምፅ ይበልጥ ይሰማል። በዊልቸር ለሚጫወትም ከረጠበ ሣር ምንጣፍ ይሻላል። ማርሻል ራሱ የመጨረሻውን ወርቅ ያገኘው በ51 ዓመቱ ነው። ይህ ስፖርት ብዙ ዓይነት ሰው የያዘ ነው፤ ክርክሩ የሁሉም ይሁን።

ከግላስጎው፦ ይህን ተቀብያለሁ፤ ለፓራው ምንጣፉ ይሁን። የቀረው ግን ወደ ሣሩ ይመለስ። ቀጣዩ ውድድር በ2030 አሕመዳባድ፣ ህንድ ነው። «ግላስጎው ላይ ተሞክሮ ተሳክቷል» ተብሎ በዚያው እንዳይቀር፣ የሣር ሜዳ ግዴታ መሆኑ ከአሁኑ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ከሊድስ፦ ግዴታ ከመባሉ በፊት ተጫዋቾቹ ይጠየቁ፤ የኖርፎኮቹም፣ የህንዶቹም። እነሱ ሣር ካሉ እኔም ካንቺ ጋር ነኝ።