መብረቁ ከበኣል «የተዋሰ» ነውን?

ደጀ ሰላም፦
ትናንት ማታ በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ፣ በመዝሙር 28 የምንሰማው ነጎድጓድና መብረቅ «ከከነዓናውያን በኣል የተዋሰ ነው» ሲሉ ሰማሁ፤ አዘጋጁም አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳያነሣ ወደ ማስታወቂያ ዐለፈ። ሰውዬው የተማሩ ናቸው፣ ክብራቸውን አልነካም። ነገር ግን በክረምት ሌሊት ሰማዩ ሲሰነጠቅ አያቴ መስተዋቱን በነጠላ ሸፍነው የሚደግሙትን መዝሙር፣ ለጣዖት ተገጥሞ ስሙ ብቻ የተለወጠ አድርጎ ለሕዝብ ማሰማት እጅግ አሳዝኖኛል። የመብረቅ ባለቤት ማን እንደሆነ ሸክላ ቈፋሪ ሊነግረን አይችልም።

የታሪክ ተማሪ፦
እኔም ውይይቱን ሰምቻለሁ፤ እንግዳው ያሉት ከራሳቸው የፈለቀ አይደለም። በሶርያ የባሕር ዳርቻ፣ ራስ ሻምራ በሚባለው ቦታ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ የኡጋሪት ከተማ ጽሑፎች ተገኝተዋል። በእነዚያ ጽሑፎች በኣል «ደመና ጋላቢ» ይባላል፤ ድምፁን ሲያሰማ ተራሮች ይናወጣሉ። በ1932 የተገኘውና ዛሬ በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም የሚታየው የድንጋይ ሐውልት ደግሞ በኣልን በቀኝ እጁ ዱላ አንሥቶ፣ በግራው ጫፉ እንደ ተክል ያቈጠቈጠ ጦር ተክሎ ያሳያል፤ ጦሩ የመብረቅ ምልክት ነው ተብሎ ይተረጐማል። በክንዱ ሥር ንጉሥ እንደሆነ የሚታሰብ ትንሽ ሰው ቆሟል። መዝሙሩም የሚጠራው ሊባኖስንና ስርዮንን፣ ማለት የሰሜኑን ተራሮች ነው። «ሸክላ ቈፋሪ» የተባሉት ሰዎች ባይኖሩ ይህን ሁሉ ባላወቅን ነበር።

ወለተ ጊዮርጊስ፦
ወንድሜ፣ ሐውልቱን አልክድም፤ የምጣላው «ተዋሰ» ከሚለው ቃል ጋር ነው። በእኛ ቋንቋ የተዋሰ ሰው መላሽ ነው፤ ጎረቤቷን ምጣድ የተዋሰች ሴት እንጀራዋን ጋግራ ትመልሳለች፣ ባለቤቷም ማን እንደሆነች አትረሳም። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በ450 የበኣል ነቢያት ፊት የቆመው ዕቃ ሊዋስ ነበርን? ዓመታት የፈጀው ድርቅ ዝናብንና የሰማይን እሳት የሚያዝ ማን እንደሆነ የሚፈተንበት ነበር፤ እሳቱም ወረደ፣ ዝናቡም ከዚያ በኋላ መጣ። ይህ በቋንቋችን ስም አለው፤ «ማረከ» ይባላል።

የታሪክ ተማሪ፦
እኅቴ፣ «ማረከ» የሚለው ቃል ከ«ተዋሰ» ይሻላል፣ እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ የተማረከ ጋሻ ከመማረኩ በፊት በሌላ ክንድ ላይ እንደነበረ ራሱ ቃሉ ይመሰክራል። እንግዳውም ከዚህ ያለፈ አላሉም።

ደጀ ሰላም፦
አላሉም እንዴት ይባላል? ያሉት «የተዋሰ ነው» ነው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን እርስዎ ቃሉን አለዝበው ሊያሳልፉላቸው ይፈልጋሉ።

የአንኮበሩ፦
ልጆቼ፣ ተራራ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልናገር። በአገሬ በሐምሌ መብረቅ ወርዶ በዛፍ ሥር የተጠለሉ በሬዎችን ጥማዱን ሙሉ ሲጥል አይቻለሁ። ይህን ያየ ሰው ከላይ የሚመታ ኃይል እንዳለ ለማወቅ ከማንም ምንም አይዋስም። ሕንዶቹ ኢንድራ የተባለው አምላካቸው ቭሪትራ የተባለውን ዘንዶ ቫጅራ በሚሉት የመብረቅ መሣሪያው መትቶ የታገደውን ውኃ ለቀቀ ይላሉ፤ በምዕራብ አፍሪካ ያሉት ዮሩባዎች የኦዮ ከተማቸው ንጉሥ የነበረው ሻንጎ ከሰማይ ድንጋይ ይወረውራል ይላሉ፤ ግሪኮች የዜውስን መብረቅ አንድ ዓይን ያላቸው አንጥረኞች ቀጠቀጡት ይላሉ። ዮሩባው ከግሪኩ አልተማረም። ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው ያንኑ ሰማይ ነው።

ደጀ ሰላም፦
አባቴ፣ አክብሬዎት እናገራለሁ፤ መዝሙረ ዳዊትን ከሻንጎ ጋር በአንድ ረድፍ ማቆም ከሬዲዮው እንግዳ ንግግር የባሰ ነው። እርሳቸው ቢያንስ በኣልንና መዝሙሩን ለይተው አንዱ ከሌላው መጣ አሉ፤ እርስዎ ግን ሁሉንም እኩል አደረጓቸው።

የአንኮበሩ፦
እኩል አላልሁም፤ ፍርሃቱ አንድ ነው አልሁ። ፍርሃቱ ወደ ማን እንደሚመለስ ማወቅ ሌላ ነገር ነው።

ባለ ብራና፦
ክርክሩ በመዝሙሩ ዙሪያ ብቻ ስለ ተጠመጠመ ዋናው ነገር የተረሳ ይመስለኛል፤ መብረቅን የፈለጉት አማልክት ብቻ ሳይሆኑ ነገሥታትም ናቸው። አፔሌስ የተባለው ሠዓሊ ታላቁ እስክንድርን መብረቅ አስጨብጦ በኤፌሶን ሲሥለው፣ ቀራጺው ሊሲጶስ ተቃወመው፤ እርሱ ለእስክንድር የሰጠው ጦር ነበር፣ ምክንያቱም የጦሩ ክብር የንጉሡ የራሱ ነው። ከእስክንድር በኋላ ግብጽን የገዙት በጥሊሞሶች በገንዘባቸው ላይ መብረቅ የረገጠ ንስር አተሙ። እንግዲህ መዝሙሩን ከነዚህ ሁሉ የሚለየው ይህ ነው፦ «የእግዚአብሔር ድምፅ» ሰባት ጊዜ ይጠራል፣ ነገር ግን መብረቁን የሚጨብጥ የሰው እጅ የለም፤ በኣል ሐውልት ላይ እንዳለው ከክንዱ ሥር የተጠጋ ንጉሥም የለም። ከበኣል ተወሰደ ቢባል እንኳ በመንገድ ላይ ከንጉሡ እጅ ወድቋል ማለት ነው።

የታሪክ ተማሪ፦
ይህ አስተያየት እስካሁን ከተባለው ሁሉ ይበልጣል፤ ሆኖም የመዝሙሩን መጨረሻ ልብ ይበሉ። እግዚአብሔር በጥፋት ውኃ ላይ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል ይላል። የመብረቁና የዙፋኑ ዝምድና አልተቈረጠም።

ባለ ብራና፦
አልተቈረጠም፣ ግን ወደ ላይ ወጣ። ምድራዊ ንጉሥ ሊነካው በማይችልበት ስፍራ ተቀመጠ፤ የእኔም ነጥብ ይኸው ነው። አሜሪካዊው ፍራንክሊን በ1752 መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን ካሳየ በኋላ ፈረንሳዊው ቱርጎ ስለ እርሱ ሲጽፍ ከሰማይ መብረቁን፣ ከአምባገነኖች በትረ መንግሥቱን ነጠቀ ያለው፣ ሁለቱ በሰው ልብ ውስጥ ምን ያህል እንደተቈራኙ ስለሚያውቅ ነው። ዳሩ ግን ናፖሊዮን በ1804 ለሠራዊቱ የሰጠው ንስር እንደገና መብረቅ ረግጦ ቆመ። ሥልጣን የወደደ ሁሉ ወደዚያ ምልክት ይመለሳል።

ወለተ ጊዮርጊስ፦
መብረቅ ለሥልጣን ብቻ ነው የሚለውን አልስማማበትም። የእኛው መጽሐፈ ሄኖክ በምዕራፍ 20 ቅዱስ ኡራኤልን የነጎድጓድና የመንቀጥቀጥ መልአክ ያደርገዋል፤ በምዕራፍ 59 ደግሞ መብረቅ ለበረከት ወይም ለመርገም እንደሚበርቅ ይናገራል። በረከት የሚለውን ልብ በሉልኝ! ሄኖክም ከጥፋት ውኃ በፊት የነበረ ነውና ኡጋሪትን ይቀድማል፤ ማን ከማን ተዋሰ?

የታሪክ ተማሪ፦
ሄኖክ የኖረበት ዘመንና መጽሐፉ የተጻፈበት ዘመን ይለያያሉ። በሙት ባሕር ዳርቻ ባለችው በኩምራን የተገኙት የመጽሐፉ የአራማይክ ቍራጮች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሦስተኛው መቶ ዓመት አይቀድሙም፤ ኡጋሪት ግን ከልደቱ በፊት በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ጠፍታ አልቃለች።

ወለተ ጊዮርጊስ፦
ቍራጩ የተገለበጠበት ዘመን ቃሉ የተነገረበት ዘመን አይደለም። ይህን የግእዝ ብራና ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ አዲስ ብራና ላይ አሮጌ ቃል ይጻፋል።

የታሪክ ተማሪ፦
በዚህ አንስማማም፤ ይቅር። ስለ መጀመሪያው ቃል ግን «ወረሰ» ብንል ሁላችንንም አያስማማንምን?

ደጀ ሰላም፦
አያስማማም። ውርስ ከአባት ነው፤ በኣል የዳዊት አባት የሆነው መቼ ነው?

የታሪክ ተማሪ፦
ውርስ ከአገርና ከቋንቋም ይሆናል። ነቢዩ ኢሳይያስ ራሱ በምዕራፍ 19 የሕዝቡን ልሳን «የከነዓን ቋንቋ» ይለዋል። ዳዊት በዚያ ቋንቋ ዘመረ፤ ነጎድጓድ የሚለውንም ቃል ያገኘው ከዚያው ነው።

ደጀ ሰላም፦
ቋንቋውን እሺ እላለሁ፤ መብረቁን ግን አልሰጥም። ነገ ለሬዲዮ ጣቢያው ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ «ተዋሰ» የሚለው ቃል በአየር ላይ እንዲታረም እጠይቃለሁ።

የታሪክ ተማሪ፦
ይጻፉ። እኔም የሐውልቱን ፎቶግራፍ አያይዤ እጽፋለሁ።