ከጫካ እስከ ፍርድ ቤት፦ የስካውቶች የጋራ ፕሮፖዛል የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊው፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ አሰላሙ አለይኩም። ደሴ ላይ ያወራነውን ወደ ረቂቅ ቀይሬዋለሁ። ስለ ስካውቶች፣ ማለትም ስለ ፓርክ ጠባቂዎች ሥራ ለክልሉና ለለጋሾች የምናስገባው አንድ ሰነድ ነው። ከቦረና ሳይንት በኩል ያላችሁም፣ ከሰሜን ወሎ ተራሮች ያላችሁም በአንድ ስም ትገባላችሁ። አሁን ባለበት ሦስት ጥያቄ ይዟል። የደንብ ልብስና ጫማ፣ ተጨማሪ መሣሪያ ከነጥይቱ፣ የካምፕ ጥገና። ገንዘብ ያዣችን ከወዲሁ «ሁሉን የጠየቀ ባዶ እጁን ይመለሳል» ብላኛለች። ስለዚህ ይጨመር የምትሉትን ብቻ ሳይሆን ይውጣ የምትሉትንም ጻፉ።

ስካውት፣ ከቦረና፦

ጸሐፊያችን እጅህ ይባረክ። ጫማውን እንዳትነካው። ደንቆሮ የሚባለውን ጫካችንን ከታች ከ1,900 ሜትር ጀምረህ እስከ አናቱ ወደ 3,700 ስትወጣ፣ ታች ላብ ነው፣ ላይ ውርጭ ነው። ጽዱንና ወይራውን አልፈህ አስታው ውስጥ ስትገባ ጫማህ ውኃ ካስገባ ቅኝቱ እዚያው አበቃ።

መሣሪያው ግን ሁለተኛ ተራ ላይ መቀመጡ አልተዋጠልኝም። እኔን የሚያቃጥለኝ ሰው ከያዝን በኋላ ያለው ነገር ነው። አንድ ጊዜ ጽድ ሲቆርጥ ያገኘነውን ሰው ይዘን በእግር ወረድን። መርማሪው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ጠበቅን። ሲመጣ «ግንዱስ?» አለ። ግንዱማ ጫካ ነው፣ ማን ይሸከመዋል? «ፎቶስ?» የእኔ ስልክ ጠፍቷል፣ የጓደኛዬ ቻርጅ የለውም። መጥረቢያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥናት። ከማን እጅ እንደተወሰደች፣ የት እንደተያዘች የሚናገር ቁራጭ ወረቀት እንኳ የላትም። ሰውየው አመሻሹ ላይ ተለቀቀ። እኛ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እሱ በአጠገባችን አለፈና «ደህና እደሩ» ብሎን ሄደ። ወላሂ፣ ከመናደድ ይልቅ ሳቄ ነው የመጣው። እስቲ ንገሩኝ፣ እዚህ ውስጥ የጎደለን ጥይት ነበር?

ገንዘብ ያዥ፦

ወረቀት ርካሽ ነው። መሣሪያ ውድ ነው። ለጊዜው ይህን ብቻ ልበል።

ስካውት፣ ከሰሜን ወሎ፦

ወንድሜ ያልከው ልክ ነው። ግን መሣሪያ ጨርሶ አይነሳ ማለትም ይከብዳል። ሌሊት መጥረቢያ የያዙ ሰዎች ተሰብስበው ሲጠብቁህ በባዶ እጅ ምን ልትላቸው ነው? በሌላ በኩል ደግሞ እውነቱን እናውራ። በዚህ ጊዜ መሣሪያ አንግቶ ከተራራ ተራራ የሚዞር ሰው ከሩቅ ማን እንደሆነ አይለይም። የኛ ልብስ ተቀዳዷል፣ መታወቂያችን ተጣጥፎ ሊበጠስ ነው። አርሶ አደሩም ያየን ሰዓት ይደነግጣል፣ የጸጥታ ኃይሉም እንደዚያው። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ከመጠየቅ ያለንን ማስጠገን ይበቃናል። በምትኩ የእጅ ሬዲዮና ከሩቅ የሚለይ የደንብ ልብስ ይግባልን። ቅኝት ከመውጣታችን በፊት ለቀበሌና ለፖሊስ እንደምናሳውቅም በሰነዱ ይጻፍ። ለኛው ደኅንነት ነው።

ሌላው ከብት ነው። ረቂቁ አዳኝና እንጨት ቆራጭ ብቻ ነው የሚያየው። እኛ ጋ ግን አብዛኛው ጣጣ ልቅ ግጦሽ ነው። ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር ሲጋጥ አይጡ መሸሸጊያ ያጣል። አይጡ ካለቀ ቀይ ቀበሮው ምን ይብላ? እሺ፣ ከብቱን ያዝን እንበል። የት ይደር? ማን ያጠጣው? አንዲት ላም ግቢያችን ውስጥ ብትሞት ተከሳሹ ማን ሊሆን ነው? ይህን የጻፈልን ሰው የለም።

ጡረተኛው፦

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከቦረና የጻፍከው ልጅ፣ ያንን ሻይ ቤት እኔም አውቀዋለሁ። በእኛ ጊዜም እንዲሁ ነበር።

ይህ ነገር የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ፍሎሪዳ ውስጥ ፔሊካን ደሴትን የመጀመሪያው የፌዴራል የአእዋፍ መጠለያ አድርገው የከለሉት በ1903 እ.ኤ.አ. ነው። ጠባቂ አድርገው የቀጠሩት ፖል ክሮገል የሚባል ሰው ነበር፤ ደመወዙ በወር አንድ ዶላር። ያን ጊዜ የወፍ ላባ ለሴቶች ባርኔጣ ማስጌጫ ስለሚሸጥ ገበያው የጦፈ ነበር። በ1905 እዚያው ፍሎሪዳ ጋይ ብራድሊ የሚባል ሌላ ጠባቂ፣ ወፍ የሚገድሉትን ሊይዝ ብቻውን በጀልባ ሄደ። በጥይት ገደሉት። ገዳዩ «ራሴን ስከላከል ነው» አለ፣ ክስ ሳይመሠረትበት ቀረ። ሟቹን ደግፎ የሚናገር ባልደረባ አጠገቡ አልነበረማ።

ዛሬ የእነሱ የመጠለያ መኮንኖች ጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ ግሊንኮ የሚባል የሕግ አስከባሪዎች ማሠልጠኛ ይገባሉ። ተኩስ ብቻ አይደለም የሚማሩት። ሕግ፣ አያያዝ፣ ማስረጃ አሰባሰብ ይማራሉ። ከዚያ ልምድ ካለው መኮንን ሥር ሆነው መስክ ላይ ይሠራሉ። የእነሱ በጀት የለንም፣ መኪናቸውም የለንም። ልምድ ካለው ሰው ጋር አዲሱን ማጣመር ግን ምን ያስወጣናል? እኔ ጉልበቴ ቢደክምም አፌ አልደከመም። ጥሩኝ፣ እመጣለሁ።

ለማንኛውም ብቻውን ቅኝት የሚወጣ ሰው አይኑር። ይህ በጉልህ ይጻፍ።

የሕግ ባለሙያዋ፦

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ሥልጠናው ላይ በእርግጥ እንጠራዎታለን።

አንድ በአንድ ልሂድ፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ። የዱር እንስሳትን ጉዳይ የያዘ አዋጅ አለ፤ መቀጮና እስራት ደንግጓል። ዛፍ ሲሆን የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 አለ። እነዚህን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፣ ካምፕ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተለጥፈው አይቻለሁ። ጉዳዩ የሚወድቀው ግን እዚህ አይደለም።

የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 50፣ ቢያንስ የሦስት ወር ቀላል እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንኛውም ሰው ያለ መያዣ ትእዛዝ ሊይዘው እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 58 ደግሞ የያዘው ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ እንዲያስረክብ ያዛል። ስለዚህ የመንግሥት ቅጥር ያልሆነው የማኅበረሰብ ጠባቂም ቢሆን እጁ ታስሮ አይደለም። ግን «ሳይዘገይ» የሚለው ቃል ቀልድ አይደለም። ካምፕ አሳድሮ፣ መክሮ፣ ጠዋት ማውረድ የሚባል ልማድ አለ። ጠበቃ ያገኘ ተከሳሽ መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም። ለናንተ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መንገዱ የእግር ነውና። ነገር ግን ሰውየው በስንት ሰዓት እንደተያዘና በስንት ሰዓት እንደተረከበ ካልተጻፈ፣ የመንገዱን ጊዜ ማን ይቀንስላችኋል? ደግሞም የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት አለው። መምታት፣ ማስፈራራት፣ «እመን» ማለት ጨርሶ የለም። ያመነውም ቃል ማስረጃ አይሆንም፣ እናንተም ራሳችሁ ትከሰሳላችሁ።

የምጠይቀው አንድ ጥራዝ ነው። ካርቦን ያለው፣ ሦስት ቅጂ የሚያወጣ የርክክብ ቅጽ። ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ምን ሲያደርግ ታየ፣ ምን ተያዘ፣ ማን አየ። ግንዱ ትልቅ ከሆነ ከጉቶው ጋር ፎቶ ይነሣ፣ መጥረቢያው አጠገቡ ይቀመጥ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። መጨረሻ ላይ የተረካቢው ፖሊስ ስምና ፊርማ ከነሰዓቱ። አንዱ ቅጂ ለፖሊስ፣ አንዱ ለጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ በእናንተ እጅ ይቀራል። «የትኛዋ መጥረቢያ?» የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ያልቃል።

ስካውት፣ ከቦረና፦

እህታችን፣ አላህ ያክብርሽ። አንድ ነገር ብቻ። ክረምት ላይ ወረቀት ሲረጥብ ቢክ አይጽፍም። እርሳስ ይሁን?

የሕግ ባለሙያዋ፦

እርሳስ ይጠፋል፣ «ቀይራችሁታል» ያሰኛል። ጥራዙ ፌስታል ውስጥ ይቀመጥ፣ ነጠላ ጎጆም ቢሆን ተጠልላችሁ በቢክ ሙሉት። ካልተቻለ ፎቶውን መጀመሪያ አንሡ፣ የስልኩ ሰዓት ትክክል መሆኑን አይታችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦

ስልክ ቻርጅ ከሌለው ፎቶም የለም። ለየካምፑ አንዳንድ የሶላር ቻርጀር እጨምራለሁ። ከጥይቱ መስመር ቀንሼ ነው፣ ማንም እንዳይቀየመኝ።

የቅሬ ሰብሳቢ፦

ልጆቼ፣ አላህ ያቆያችሁ፣ እግዜር ይጠብቃችሁ። እኔ ሕግ አላውቅም። ሰው ግን አውቃለሁ። ስካውቱ የኛው ልጅ ነው። የያዘውም ሰው የኛው ነው። አንዱ ያንዱን አጎት ያስራል፣ በሳልስቱ ለቀብር ይገናኛሉ። አንድ ስካውት የጎረቤቱን በጎች አስይዞ «ከቅሬ ይውጣ»፣ ማለትም ከመቀባበሪያ ዕድራችን ይውጣ የተባለበትን ጉዳይ እኔው ነኝ የዳኘሁት። አባቱ ቢሞት ማን ሊቀብርለት ነው? ደመወዙ ይህን ይከፍለዋል? እንዳይወጣ አደረግን፣ ግን እዚያ ቤት ለብዙ ጊዜ ቡና ሲፈላ ጎረቤት አይጠራም ነበር። ሰነዳችሁ ውስጥ ይህ ይግባ። የየቀበሌው ቅሬ መተዳደሪያ ላይ «ሥራውን ስለሠራ የሚገለል ጠባቂ የለም» የሚል ቃል እናስገባ። ገንዘብ አያስወጣም።

ሽምግልናም አለ። ሰው ሲያዝ ሽማግሌ ይላካል። እሱን ምን ታደርጉታላችሁ?

ስካውት፣ ከሰሜን ወሎ፦

አባባ፣ እውነት ተናገሩ። እኔ ላይ ሽማግሌ ሲላክ እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቀው ያየው ነው።

የሕግ ባለሙያዋ፦

አባባ፣ ሽምግልናው ቂሙን ያብርድ፤ ጉዳዩን ግን አይዝጋው። ጠባቂው ርክክብ ከፈረመ በኋላ ጉዳዩ የእሱ አይደለም፣ የዐቃቤ ሕግ ነው። ለዚህም ነው ቅጹ የሚጠቅመው። ሽማግሌ ሲመጣ «በእጄ የለም፣ ወረቀቱ ይኸው» ይላል። ሸክሙ ከትከሻው ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ከብት ግን ሌላ ነው። እሱን በቀበሌው የአካባቢ ደንብ፣ ከእናንተ ከአባቶች ጋር ተስማምተን ብንጨርሰው ይሻላል። ሁሉን ነገር ፍርድ ቤት ካወረድነው ፍርድ ቤቱም ይሰለቸናል።

የቅሬ ሰብሳቢ፦

ይህ ገባኝ። ከብቱ የሚያድርበትን በረት እኛ እንሰጣለን። ውኃ ቅርብ የሆነ ቦታ አለን። የጠባቂውን አበልና የመኖውን ዋጋ እናንተ አስቡበት። ባለቤቱ ሲመጣ በምስክር ፊት ይረከብ፣ ሞተ ጠፋ እንዳይባል።

ስካውት፣ ከቦረና፦

አንድ ነገር ተረስቷል። ውሾች። እረኛው ከብቱን ሲያስገባ ውሻው አብሮ ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን የሚፈጀው በዚያ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፣ ሁሉም ደግሞ እዚህችው አገር ናቸው። የኛዎቹ ጥቂት ናቸው፣ በሽታ አንዴ ከገባ አለቀ።

ገንዘብ ያዥ፦

የውሻ ክትባት ይግባ ካልን የእንስሳት ሐኪም፣ ማቀዝቀዣ፣ መኪና ይመጣል። ይህ ሌላ ፕሮፖዛል ነው። እዚህ ከጨመርነው ሁለቱም ይወድቃሉ።

ስካውት፣ ከቦረና፦

እሺ፣ ክትባቱ ይቅር። ግን የሞተ ቀይ ቀበሮ ስናገኝ ለማን እንደምንደውልና በባዶ እጅ እንዳንነካው ሥልጠናው ላይ ይነገር። ጓንት ርካሽ ነው፣ እቱ።

ገንዘብ ያዥ፦

ጓንቱ ገብቷል።

ጸሐፊው፦

በርቱ፣ ጥሩ ነው። ረቂቁ ተገላብጧል። አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ «ከመያዝ እስከ ርክክብ» የሚል ነው። የቅጹ ጥራዝ፣ የሶላር ቻርጀር፣ የእጅ ሬዲዮ፣ ሥልጠና። ሥልጠናው ላይ ስካውቱ ብቻ ሳይሆን ከየወረዳው አንድ መርማሪና አንድ ዐቃቤ ሕግ አብረው ይቀመጣሉ። ቅጹን የሚቀበለው ሰው ካላወቀው ምን ይሠራል? ሁለተኛው ልብስ፣ ጫማና መታወቂያ። ሦስተኛው የከብት በረትና የቅሬ ስምምነት። አዲስ መሣሪያ ወጥቷል፣ ጥገና ገብቷል። ቅኝት ከሁለት ሰው በታች አይወጣም የሚለው በጋሼ ቃል ገብቷል። የካምፕ ጥገናው አንድ ጣሪያ ላይ ተወስኗል፤ የትኛው ካምፕ እንደሆነ ግን አልተስማማንም።

ስካውት፣ ከሰሜን ወሎ፦

የኛው ይሁን። ቆርቆሮው በነፋስ ሄዷል፣ ሌሊት ኮከብ እየቆጠርን ነው የምንተኛው።

ስካውት፣ ከቦረና፦

እናንተ ኮከብ ታያላችሁ፣ እኛ ጋ ዝናቡ ነው የሚቆጥረን። ለማንኛውም የእናንተ ይቅደም፣ እናንተ ጋ ብርዱ ይብሳል። በሚቀጥለው ዙር ግን የኛ ተራ ነው፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈርልኝ።

ጸሐፊው፦

ሰፍሯል። የቅጹን ናሙና እህታችን እስከ ሐሙስ ትልካለች። መጀመሪያ ሁለት ካምፕ ላይ ባዶውን ቅጽ ፎቶ ኮፒ አድርገን እንሞክረው፣ ለጋሽ አንጠብቅም። የመፈረሚያው ስብሰባ ዓርብ ይሁን የሚል አለ፣ ቅዳሜ ይሁን የሚል አለ።

የቅሬ ሰብሳቢ፦

ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ሰው አታገኙም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አድርጉት። ቡናው በኔ ነው።