«ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች… መገኘት ግዴታ ነው»

የበሬሳ ማዶ
ግቢያችን ውስጥ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እንዳለ ላስፍረው፦ «በማኅበራዊ ለውጥ ላይ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች ለምርጫ ኮርሱ እስከ ዓርብ ድረስ ይመዝገቡ። ኮርሱን የሚወስዱ ሁሉ ዘወትር ረቡዕ ከ11 ሰዓት ጀምሮ በሚካሄዱት መድረኮች ላይ መገኘት ግዴታቸው ነው። ሦስት ጊዜ የቀረ ከ15 ማርክ ዜሮ ይያዝለታል።»

የትኛው ግቢ እንደሆነ አልናገርም፤ ገና አልተመረቅሁም። ግን ፍላጎት ካለኝ ስም መጥሪያው ለምን አስፈለገ? ፍላጎት ከሌለኝስ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ በማንቀላፋቴ የሚለወጠው ኅብረተሰብ የትኛው ነው?

ጠባሴ ሰፈር
አንተ «ፍላጎት» ላይ ቆመሃል፤ እኔ ገና «ምርጫ ኮርስ» የሚለውን አልተሻገርኩም። በእኛ ጊዜ ሬጅስትራሩ የሴክሽኑን ኮርሶች በሙሉ አስገብቶ ነበር የሚጠብቀን። ተማሪው የሚመርጠው ሰልፉ ላይ የሚቆምበትን ቦታ ነበር፤ እሱንም ጎህ ሳይቀድ ከመጣ። ስንት ምርጫ ቀረበላችሁ?

የበሬሳ ማዶ
አንድ።

ጠባሴ ሰፈር
ይኸው ነው። አንድ ቀርቦ አንድ ተመረጠ።

ጠመኔ
እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የማስተምረው በዚሁ በሰሜን ሸዋ ነው። ማስታወቂያው ጥሩ ሆኖ አልተጻፈም፤ እሱን እቀበላለሁ። ነገር ግን የማኅበረሰብ አገልግሎት የመምህር ቅዠት አይደለም፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ 1152/2011 ከማስተማርና ከምርምር ጎን ያስቀመጠው ሥራ ነው። አምና ያለ ግዴታ ሞክረነዋል። ስለ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ የሚያስረዳ የሕግ ባለሙያ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መጣ። አዳራሹ ውስጥ የተገኙት ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም ሁለቱ ዝናብ ያስጠለላቸው ናቸው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፥ የዛሬ ተማሪ ካልተጎተተ አይመጣም።

የበሬሳ ማዶ
«ካልተጎተተ»! መምህር፥ እኔ ያደግሁት ገጠር ነው። የሚጎተት ከብት ሁለት ዓይነት ነው፤ ወደ ገበያ የሚሄድና ወደ ቢላዋ የሚሄድ። ወደ ውኃ የሚወርድ ከብት ማንም ሲጎትተው አላየሁም፤ እንዲያውም እረኛውን ጥሎ ነው የሚሮጠው። ዘጠኝ ሰው ብቻ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውኃው ነው።

የሮቢት ሙቀት
ይህን ደጋግመህ ጻፈው! በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች በየትኛው ኮርስ ተመዝግበው ነበር? ማን ስማቸውን ጠራ? ከስንት ማርክ ተያዘላቸው? የሀገሪቱን ታሪክ የለወጠ መፈክር ያለ አቴንዳንስ ነው የወጣው።

የጓሳ ዘብ
ቀድሜ ልናገር፤ ቄሮ ስል ስለ ሣር ነው የማወራው፥ ማንም እንዳይደነግጥ። እኛ መንዞች ጓሳ የሚባለውን የሣር ሜዳችንን ጠብቀን ያቆየነው በፍላጎት ብቻ አይደለም። በቄሮ ሥርዓት ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሰርቆ ያጨደና ከብት ያስገባ ይቀጣል፤ ጊዜው ደርሶ ሲከፈት ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ቤታችንን የከደንበት፥ ገመድ የገመድንበት ሣር እሱ ነው። ግዴታ ነበር። ግን ግዴታውን ያወጣውም፥ ጠባቂውን የመረጠውም ራሱ ባለሣሩ ነው። ስለዚህ ጎታች መኖሩ አይደለም ችግሩ፤ ገመዱን የያዘው ማን ነው የሚለው ነው። ይህን መድረክ ያሰናዳው ተማሪው ቢሆን ኖሮ መቅረት ነውር ይሆን ነበር።

የ67ቱ ዘማች
ልጆቼ፥ አንድ ሁለት ነገር ላርም፤ ጣልቃ መግባቴን ይቅር በሉኝ።

«መሬት ላራሹ» ያለው ትውልድ ያለ ግዴታ ነው የተንቀሳቀሰው ላልከው፦ ከዚያው ዘመን ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን የሚያገኘው አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ሲያገለግል ነበር፤ አብዛኛው በማስተማር። ግዴታ ነው። ስንቱ የአዲስ አበባ ልጅ የገበሬውን ኑሮ መጀመሪያ በዓይኑ ያየው በዚያ ዓመት ነው። ሲመለስ እንደ አሄዳዱ አልነበረም።

የእኔ ደግሞ ባሰ። በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ወደ 60,000 የምንሆን ተማሪዎችና መምህራን ወጣን። አልዘምትም ያለ ትምህርቱንም አይቀጥል፥ ሥራም አይቀጠር ተባለ። ተጎተትኩ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ግን ከአባቴ የሚበልጡ ሰውዬ በአውራ ጣታቸው ፋንታ ስማቸውን ጽፈው ሲፈርሙ አየሁ። ስለዚህ መጎተት የሚለውን ቃል እንደዚህ ባትረግጡት።

የበሬሳ ማዶ
ጋሼ፥ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ። ነገር ግን እርስዎን የጎተቱዎት ወደ ገበሬው ቤት ነው። እኛ የምንጎተተው ወደ ባነር ነው። ባነሩ ፊት ቆመን ፎቶ እንነሳለን፤ ፎቶው ለሪፖርት ይላካል፤ ቆሎው ያልቃል፤ እንበተናለን። ፊደል የቆጠረ ሰው የለም። እዚህ አጠገባችን ቻይና ካምፕ ስንት ተፈናቃይ ተጠልሎ ሳለ ልጅ ለማስጠናት ሂዱ ያለን መድረክ እስካሁን አልሰማሁም።

ጠመኔ
ቆሎውን እንኳ ባትነካካ። ከኪሳችን አዋጥተን የገዛነው ነው።

ጠባሴ ሰፈር
መምህር፥ ከሁሉ ነገር መልስ ያገኘው ቆሎው ብቻ ሆነ?

የ67ቱ ዘማች
የጓሳው ወንድማችን፥ አንድ ነገር ዘለሃል። «ባለሣሩ» ያልከው ማን ነበር? የቀደምት አቅኚዎቹ የአስቦና የገራ ዘር ነኝ ብሎ ሐረጉን ቆጥሮ ያላሳየ ድርሻ ነበረው? ጭሰኛውስ? ሸማኔውና ቀጥቃጩስ? በ1967 የመሬት አዋጁ ሲወጣ ደስ ያለው ሰውም ነበር፤ እዚያው መንዝ ውስጥ።

የጓሳ ዘብ
ጋሼ፥ ደስ አለው፤ ከዚያስ? ሜዳው የሁሉም ሲሆን ጠባቂ አጣ፤ ተገፍቶ ታረሰ፥ ከብት ፈሰሰበት። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ፈረንጅ የሚመጣው ሕዝቡ እንደገና ተሰብስቦ ደንብ ስላወጣለት ነው። በዚህኛው ደንብ ደግሞ ዘር አይቆጠርም።

የ67ቱ ዘማች
እኔም ያልሁት ስለ ፊተኛው ነው። ፊተኛውን አሳምረህ አቀረብክ።

የጓሳ ዘብ
የአያቶቼን ነገር ባሳምር ምን ነውር አለው?

የሴቶች ብሎክ
ወንዶች ስለ ሣርና ስለ 67 ስትጨቃጨቁ አንድ ቀላል ነገር ማንም አላነሳም። 11 ሰዓት ይጀመራል ተባለ እንጂ ተናጋሪው ደርሶ፥ ማይክሮፎኑ ተስተካክሎ፥ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግሩ እስኪያልቅ 12 ሰዓት ነው። የሚያበቃው 2 ሰዓት። የካፌው እራት አልቋል። ከአዳራሹ እስከ ብሎካችን ድረስ ያለው መንገድ መብራት የለውም፤ የጥቅምትን ብርድ እንኳ ተዉት። ባለፈው የዘበኛው ጥያቄ «እስከዚህ ሰዓት የት ነበርሽ?» የሚል ነበር። «ስለ ሴቶች ተሳትፎ ስወያይ» ብዬ መለስኩለት። ሳቀ።

ጠመኔ
እህቴ፥ ይህ ትክክለኛ ቅሬታ ነው። ሰዓቱን የመረጥነው ከክፍል ጋር እንዳይጋጭ ብለን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቢሆንስ?

የመውጫ ፈተና
ቅዳሜማ አይነካም። መምህር፥ እኔ አራተኛ ዓመት ነኝ። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም። ፈተናው ላይ «ስንት መድረክ ተገኘህ» የሚል ጥያቄ የለም። ለውጥ አልጠላሁም፤ መጀመሪያ የእኔ ኑሮ ይለወጥ። ወላጆቼ እነዋሪ ላይ ጤፍ ሸጠው ነው የሚልኩልኝ።

የሮቢት ሙቀት
«መጀመሪያ የእኔ ኑሮ ይለወጥ»! በዚህ አያያዝ መሬቱ እስከ ዛሬ የባላባት ነበር።

የመውጫ ፈተና
አንተ ወንድሜ ተመርቀህ ደሞዝ እየበላህ ነው የምትፎክረው። የጤፉን ዋጋ ስትልክልኝ አብዮተኛ እሆንልሃለሁ።

ባለ ክራንቹ
ሁላችሁም መምጣት ስለማይፈልግ ተማሪ ታወራላችሁ። እኔ የምፈልግ ነኝ። አንደኛ ዓመት ሳለሁ ስለ አካታችነት የሚያስተምረውን ኮርስ ወስጃለሁ፤ ፖስተሩ ላይ የመወጣጫ መንገድ ሥዕል አለ። የረቡዕ መድረክ ግን ሦስተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰር የለም። ባለፈው ሁለት ልጆች አዝለው አወጡኝ። ርእሱ «ማንንም ወደ ኋላ ሳንተው» ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ከቀረሁ 15 ማርኬ ይሄዳል። መምህር፥ «ካልተጎተተ አይመጣም» ያሉት ለእኔ በእውነት ይሠራል። ሳልታዘል አልደርስም።

የበሬሳ ማዶ
መልስ የሚሰጥ አለ?

ጠመኔ
ወንድሜ፥ ይህን አላውቅም ነበር፤ አፈርኩ። የአንተ ማርክ አይነካም፤ ነገ ትምህርት ክፍሉን አነጋግራለሁ። ሌሎቻችሁ ግን ይህን ይዛችሁ «እንግዲያው ግዴታው ይቅር» ወደሚል እንዳትዘሉ። አዳራሹ ሌላ፥ ግዴታው ሌላ።

ጠባሴ ሰፈር
ሌላ አይደለም። በፍላጎት የሚመጣ ሰው የሚጠብቅ አዘጋጅ ስለ ደረጃውም፥ ስለ መብራቱም፥ ስለ እራቱም ያስባል፤ አለበለዚያ ማንም አይመጣለትም። በማርክ የሚጠራ አዘጋጅ ምን አስጨነቀው? ሰው መምጣቱ አይቀር።

ጠመኔ
ዘጠኝ ሰው በመጣልኝ ጊዜም ስለ መብራቱ አስቤአለሁ። ማን ሰማኝ? እኔም እኮ የምጎተት ነኝ። ሪፖርቱን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው ነው።

የበሬሳ ማዶ
እንግዲህ ገመዱ ወደ ላይ ይረዝማል ማለት ነው። የጓሳው ልጅ የጠየቀውን ጥያቄ አሁን መለሱልን።

የጓሳ ዘብ
እኔ መልስ አልሰማሁም። ጫፉን የያዘው ማን ነው?

ጠመኔ
ስም ጥራ አትበለኝ፤ እኔም ገና ጡረታ አልወጣሁም።

የ67ቱ ዘማች
እኛን ሲጎትቱን ቢያንስ ጎታቹ በሬድዮ ስሙን ይናገር ነበር።

የሮቢት ሙቀት
ጋሼ፥ ያንን እየናፈቁ ነው እንዴ?

የ67ቱ ዘማች
ከዘማች ጓደኞቼ ያልተመለሱ አሉ፤ ምን ብዬ እናፍቃለሁ? ለመቀለድ ስትቸኩል ማንን እንደምታናግር እወቅ።

የሮቢት ሙቀት
ይቅርታ ጋሼ። አጥፍቻለሁ።

ጠመኔ
ትምህርት ክፍሉን አነጋግሬ ተመለስኩ። የረቡዕ መድረክ ወደ ምድር ቤቱ አዳራሽ እንዲወርድ ጠይቄ ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ ተይዟል አሉኝ።

ባለ ክራንቹ
በምን ተያዘ?

ጠመኔ
በምዝገባ ሰልፍ።

ጠባሴ ሰፈር
ሰልፉን ሦስተኛ ፎቅ አውጡት። እሱን ማንም ሳይጎትተው ይወጣል።