ፍሎሪን የጨመርኩበት የሲሊኮን ፊልም ከመስታወቱ እየተላጠ አስቸገረኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ለማስተርስ ጥናቴ አሞርፈስ ሲሊኮን (አተሞቹ እንደ ክሪስታል በሥርዓት ያልተደረደሩ ሲሊኮን) መስታወት ላይ እንደ ስስ ሽፋን (ፊልም) አሳድጋለሁ። ሲሌን የተባለው የሲሊኮንና የሃይድሮጅን ጋዝ በፕላዝማ (በኤሌክትሪክ ኃይል በተሰነጠቀ ጋዝ) እየተሰበረ፣ መስታወቱ 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሆኖ ማለት ነው። ሃይድሮጅን ብቻ ያለው ፊልም መጀመሪያ ላይ ግሩም ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይጨምራል። ለሰዓታት ብርሃን ላይ ሲቆይ ግን ይደክማል። 160 ዲግሪ ላይ ሳሞቀው ይመለስለታል። በ1977 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ስቴብለርና ሮንስኪ ያሳዩት ችግር ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም።

አማካሪዬ ፍሎሪን እንድጨምር መከሩኝ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ሲሊኮን ከፍሎሪን ጋር ያለው ትስስር ከሃይድሮጅኑ ይጠነክራል። ተመራማሪዎቹ ኦቭሺንስኪና ማዳንም በ1978 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንገድ ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። እኔ ጋ ግን ፍሎሪኑን የማገኝበትን የሲሊኮን ቴትራፍሎራይድ ጋዝ መጠን ከፍ ሳደርግ የፊልሙ ዕድገት ይዘገያል። ጫፍ ጫፉም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተጠቅልሎ ይነሳል። በኢንፍራሬድ ብርሃን ስለካው ደግሞ በግራፉ ላይ 2100 cm⁻¹ አካባቢ ያለው ከፍታ (ሁለት ሃይድሮጅን የያዘ ሲሊኮን ምልክት) ከ2000ው (አንድ ሃይድሮጅን ከያዘው) በልጦ ይታያል። ውስጡ ክፍተት የበዛ ይመስለኛል።

ፍሎሪኑ ፊልሙን እየበላው ነው ወይስ ውጥረት ነው የሚያነሳው? በምን ልለያቸው? ፊልሙን የምፈልገው ለሶላር ሴል ነው። ፍሎሪኑን ትቼ ሲሌኑን በሃይድሮጅን ባቀጥነው ይሻላል? የሠራችሁበት ካላችሁ የጋዞቹን ምጣኔና የፕላዝማውን ኃይል ብትጠቁሙኝ ትልቅ ውለታ ነው።