«ዶግማ»፦ ስድብ ነው ወይስ ሙግት?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ ኮሜዲ ፊልም «ዶግማ» በ2025 ተመልሶ ሲኒማ ሲገባ ከእህቴ ልጅ ጋር አየሁት። ማት ዴመንና ቤን አፍሌክ ከሰማይ ተባረው ዊስኮንሲን የተጋዙ መላእክት ናቸው። ኒው ጀርሲ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን በደጁ ላለፈ ሁሉ ስርየት እንደሚሰጥ ሲሰሙ፣ ክንፋቸውን ቆርጠው ሰው ሆነው አልፈው ሊሞቱና በዚያው ሰማይ ሊገቡ ይነሳሉ። ከሆነላቸው የእግዚአብሔር ፍርድ ተሻረ ማለት ነውና ፍጥረት ሁሉ ይጠፋል። ልጁ ሳቀ፤ እኔ አንዴ እየሳቅሁ አንዴ እያማተብሁ ጨረስኩት። ምን ትላላችሁ፣ ስድብ ነው?

የቆሎ ተማሪ፦ ይሄ ደግሞ ይጠየቃል እኅቴ? አውራ ጣቱን አንስቶ ዓይኑን የሚጠቅስ የክርስቶስ ሐውልት! በእግዚአብሔር ቦታ ደግሞ ዘፋኟ አላኒስ ሞሪሴት!

ፊልም ወዳድ፦ ሐውልቱን ያስቆመው ማን እንደሆነ እይ እንጂ። በፊልሙ ያለው ካርዲናል ነው፤ ስቅለቱ ሰው ያስከፋል ብሎ እምነቱን እንደ ሸቀጥ ሊያሻሽጥ። የሚሳቅበት እሱ ነው። እኛ ዘንድስ ስብከት በፖስተር አይሸጥም? ደግሞ የፊልሙ ዳይሬክተር ኬቨን ስሚዝ ራሱ ካቶሊክ ሆኖ ያደገ ነው። ካቶሊኮች ተቃውሞ ሲያነሱ የዲዝኒ ንብረት የነበረው የፊልም ኩባንያ ሚራማክስ ፊልሙን በስሙ ሳያወጣው ቀረና ሌላው ኩባንያ ላየንስ ጌት አሳየው። ኒው ጀርሲ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ሰልፍ ሲወጣም ስሚዝ የገዛ ፊልሙን የሚያወግዝ ጽሑፍ ይዞ ከሰልፈኞቹ ጋር ቆሟል።

የቆሎ ተማሪ፦ የሰው እንባ ላይ መቀለድ ይሉሃል ይሄ ነው።

ፊልም ወዳድ፦ የኔታ፣ አለቃ ገብረ ሐናን ምን ልትላቸው ነው?

የቆሎ ተማሪ፦ አለቃ በቄሱም በመኳንንቱም ቀለዱ፤ በሥላሴ ግን አልቀለዱም። ልዩነቱ ይሄው ነው።

የአዲግራቱ፦ ካቶሊኩ እኔ ስለሆንኩ ልግባ። ቀልዱ አላስቀየመኝም፤ ስህተቱ ነው ያስቀየመኝ። ሙሉ ስርየት የሚባለው በደጅ በማለፍ ብቻ አይገኝም። ንስሐ፣ ቅዱስ ቁርባንና ስለ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ (ፖፑ) ሐሳብ ጸሎት ያስፈልገዋል፣ ልብም ከኃጢአት ሁሉ መለየት አለበት። የሚያነሳውም ጊዜያዊ ቅጣትን ነው፤ በደሉ የሚሰረየው አስቀድሞ በኑዛዜ ነው። መንገድ ላይ ሰው እየገደለ የመጣ መልአክ በየትኛው ንስሐ? የታሪኩ ማጠፊያ ተሰባሪ ነው።

ፊልም ወዳድ፦ አቦ ኮሜዲ እኮ ነው! ገና ሲጀምር እግዚአብሔርም ቀልድ ያውቃል፣ ፕላቲፐስ የሚባለውን ባለ ዳክዬ አፍ እንስሳ እዩ ይላል።

የቆሎ ተማሪ፦ ሳቁን ተዉትና፣ ይህ ታሪክ እኛ ጋ አለ። መጽሐፈ ሔኖክ ላይ ትጉሃን የተባሉት የወደቁ መላእክት ሔኖክን «ማልድልን» ብለው ልመናቸውን ያስጽፉታል። መልሱ «ሰላም የላችሁም» ነው፤ እናንተ ስለ ሰው ልትለምኑ ሲገባ ሰው ስለ እናንተ ይለምናል ወይ ተብለው ተወቀሱ። እዚያ በሩ ተዘግቷል። ፊልሙ ግን የኋላ በር ፈለገላቸው፤ የኔ ጥል በዚህ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ወንድሜ፣ በፊልሙም እኮ አልገቡም! አፍሌክም በቁጣ የሚናገረው ይህንኑ ነው፦ ለሰው ንስሐ ተሰጠው፣ ለእኛ ግን ምንም። እዚያ ላይ ሳቄ ቆመ። በፊልሙ አዝራኤል የተባለው ጋኔንስ? በሰማይ ጦርነት ከማንም ሳይወግን በመቅረቱ ነው የተጣለው። ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት በሚተርከው በአክሲማሮስ ሳጥናኤል «እኔ ፈጠርኳችሁ» ሲል የተጠራጠሩት ከእሱ ጋር አልወደቁም? አያቴ ይህን ስትነግረኝ፣ ጥፋታቸው ምኑ ላይ ነው እያልኩ አስቸግራት ነበር።

የቆሎ ተማሪ፦ ገብርኤል «በያለንበት እንቁም» ሲል አለመቆማቸው ላይ። ግን ይሄን ለመማር ስድብ የሞላበት ፊልም ለምን?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ የእህቴ ልጅ ሔኖክን በአማርኛ ፈልጊልኝ ብሎኛል። ከአያቴ ብሰማውም እኔ እስከ ዛሬ ከፍቼው አላውቅም።

ፊልም ወዳድ፦ የኔታ፣ አንድ ጥያቄ። ፊልሙን አይተኸዋል?

የቆሎ ተማሪ፦ ግማሹን።