«የሰው ሀዘን ሸጦ የበላ»? የሚድናይት ኦይል ነገር

ካሴት፦ «የአውስትራሊያው ሮክ ባንድ የሚድናይት ኦይል ዲዝል ኤንድ ደስት የሰው ሀዘን ሸጦ የበላ አልበም ነው» ሲባል አንጀቴ አረረ። ሸጦ የበላ? የባንዱ ሰዎች በ1986 እ.ኤ.አ. ከዋሩምፒ ባንድ (አብዛኞቹ አባላቱ አቦርጂኖች፣ ማለትም የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች ናቸው) ጋር የአውስትራሊያን በረሃ እያቆራረጡ በአቦርጂኖች መንደር ተጫውተዋል። አልበሙ የተወለደው ከዚያ ጉዞ ነው።

ሚዛን፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ለሚሳይል ሙከራ ተብሎ ከመሬታቸው የተነሱት ፒንቱፒ የሚባሉት አቦርጂኖች ናቸው። በ1987 አልበሙ ሲወጣ ዓለም ያወቀው ግን ራሰ በራውን የባንዱን ዘፋኝ ፒተር ጋሬትን ነው። ዋሩምፒን ማን ያውቃል?

ካሴት፦ እሱ የሚድናይት ኦይል ጥፋት ነው? ዋሩምፒዎች እኮ በ1983 በራሳቸው በሉሪቻ ቋንቋ ሮክ አውጥተዋል። ጆሮ የነፈጋቸው ሰሚው ነው።

ሚዛን፦ እኔስ ምን አልኩ? ጆሮ የተሰጠው ነጭ ሲዘፍነው ነው። ሸጦ መብላት ማለት ይኸው ነው።

ጊታሪስቷ፦ ቆይ፣ የዚሁን አልበም ዘፈን «ቤድስ አር በርኒንግ»ን በደንብ ሰምታችሁታል? መሬቱ የእነሱ ነው፣ እንመልስላቸው ነው የሚለው። «እኛ» እያለ ራሱን ተከሳሽ አድርጎ ነው የሚዘፍነው። የአቦርጂኖቹን መንደሮች ኪንቶርንና ዩኤንዱሙን በስም ይጠራል። እንዲህ ያለ ዘፈን በአሜሪካ የሙዚቃ ሰንጠረዥ 17ኛ ደረጃ መድረሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ከበሮ፦ ደግሞ ባንዱ በዚህ አልበም አልተጀመረም። አገሩ ውስጥ በ1982ቱ አልበም ስሙ ገንኖ ነበር። ውጭ አገር ስለሰማችሁት ብቻ «መጀመሪያ» አትበሉ።

ካሴት፦ መጀመሪያ ያለ የለም፣ ወንድሜ። የሲድኒ ኦሊምፒክ መዝጊያንስ? 2000 ላይ «ይቅርታ» የሚል የተጻፈበት ጥቁር ልብስ ለብሰው ወጡ። መንግሥት በአቦርጂኖች ላይ ለፈጸመው በደል ይቅርታ አልጠይቅም ያለው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃዋርድ እዚያው ተቀምጦ ነበር። የሚሸጥ ሰው እንዲህ ይደፍራል?

ሚዛን፦ የደፈረው ጋሬት በኋላ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ሆኖ በ2009 የዩራኒየም ማዕድን ማውጫ አጸደቀ። ዕድሜ ልኩን ኑክሌርን የተቃወመ ሰው!

ጊታሪስቷ፦ እሱ ሌላ ክርክር ነው። የ2009 ፊርማ የ1987ን አልበም ውሸት አያደርገውም።

ሚዛን፦ ለእኔ ያው አንድ ሰው ነው።

ካሴት፦ መንግሥት በ2008 በፓርላማ በይፋ ይቅርታ ሲጠይቅም ጋሬት ሚኒስትር ነበር። እሱንስ ለምን ትዘለዋለህ?

ሚዛን፦ መሬቱ ሁሉ ተመልሷል እንዴ?

ካሴት፦ አልተመለሰም። ዘፈኑን አሁንም የምሰማው ለዚያ ነው። «ሸጦ የበላ»ን ግን አንሳ።

ሚዛን፦ አላነሳም።